ሀሊሞ የዋጠችው

"ሀሊሞ! ኧረ ሀሊሞ! ተነሺ እንጂ!"

ቀለምወርቅ የጓደኛዋን ጉንጭ በጥፊ መታች፤ ደግማ መታች። ሀሊሞ ፍራሹ ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተዘርግታለች። ከንፈሯ ጠቁሯል። ትንፋሿ ይመጣል፣ ይጠፋል፣ የቀረ ሲመስል ደግሞ ይመጣል። ገና ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም።

ወጥታ የጮኸችው በአማርኛ ይሁን በሶማልኛ አታስታውስም። ሁለት ጎረቤቶች ሮጠው መጡና ሀሊሞን ተሸክመው ባጃጅ ላይ ጫኑላት። ቀለምወርቅ ከኋላ ተቀምጣ የሀሊሞን ጭንቅላት ደረቷ ላይ አስደገፈች።

"ፍጠን ወንድሜ! በእናትህ ፍጠን!"

ቀለምወርቅ የባዮሎጂ አስተማሪ ሆና ከደሴ ጅጅጋ የገባችው በ1991 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ጫት የወንድ ነገር ነበር፤ ሴቶቹ ቢሸጡትም ሲቅሙት የሚታዩት ጥቂቶች ነበሩ። ባሏ በዛብህ ለሥራ አፍደም ሄዶ በወር አንዴ ብቅ ማለት ሲጀምር፣ ከቶጎጫሌ ጨርቅ እያመጣች የምትሸጠው ጎረቤቷ ሀሊሞ፣ "አባዮ፣ ብቻሽን ግድግዳ ከምታዪ ነይ" አለቻት። አባዮ ስትል እህቴ ማለቷ ነው። መጀመሪያ እሁድ እሁድ ነበር፤ በኋላ ከትምህርት ቤት መልስ በየቀኑ ሆነ። ምርቃናው እንቅልፍ ሲነሳት ቀለምወርቅ መስበሪያ አረቄ በሚሪንዳ ጠርሙስ ይዛ መምጣት ጀመረች። ሀሊሞ በመጀመሪያው ቀን "አዑዙ ቢላህ!" ብላ ፊቷን አዞረች። ዓመት ሳይሞላ ግን ብርጭቆዋን ራሷ ታቀርብ ነበር።

ዘንድሮ ደግሞ የሕመም ማስታገሻው ክኒን መጣ። "አይሸት፣ አያስጮኽ፤ ማንም አያውቅብሽም" አለች ሀሊሞ። ጫቱን ቀለምወርቅ ከሀሊሞ ለመደች፤ አረቄውን ሀሊሞ ከቀለምወርቅ። ክኒኑን አብረው ለመዱት።

ዛሬ ሀሊሞ ከጅቡቲ ስልክ ተደውሎላት፣ ባሏ እዚያ ሌላ ሴት ማግባቱን ሰማች። አላለቀሰችም። ቀለምወርቅ የፈተና ወረቀት እያረመች ሳለ፣ አንዱን ክኒን ባንዱ ላይ ስትውጥ አየቻት። አየቻትና "ይበቃሻል" አላለቻትም።

ሐኪም ቤቱ ሲደርሱ የሀሊሞ ታላቅ እህት ኢስተሂል ጎረቤት ደውሎላት ቀድማ ቆማ ነበር። ሀሊሞን በአልጋ እየገፉ ወደ ውስጥ ሲያስገቧት ቀለምወርቅን ክንዷን ያዘቻት።

"ምን ሆና ነው?"

"ክኒን ውጣ... አረቄም ጠጥታበታለች።"

ኢስተሂል ወደ ግድግዳው ገፋቻት። "ዝም በይ! ይህን ቃል ከአፍሽ እንዳልሰማ። ደም ግፊት ነው ትያለሽ።"

"ሐኪሙ ካላወቀ እኮ ትሞታለች።"

"ሁለት ሴት ልጆች አሏት! ነገ ገበያው 'የሰካራሟ ልጆች' ሲላቸው አንቺ ትድሪያቸዋለሽ? አንቺ ተዛውረሽ አገርሽ ትገቢያለሽ። እኛ እዚሁ ነን።"

ቀለምወርቅ ያሰበችው ስለ ልጆቹ ብቻ ቢሆን በተሻላት ነበር። "አረቄውን ማን አመጣው?" ሲባል ምን እንደምትልም እያሰበች ነበር።

ሐኪሙ መጋረጃውን ገልጦ ወጣ። ሊባን ነው፤ ከዓመታት በፊት የፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ በጥያቄ የሚያስጨንቃት ተማሪዋ።

"ቲቸር!" አለ ደንግጦ። "እርስዎ ነዎት ያመጧት? ምን ወስዳለች?"

"ደም ግፊት አለባት" አለች ኢስተሂል ቀድማ።

"ግፊቷን ለካሁት፤ ወርዷል እንጂ አልጨመረም። ትንፋሿ እየደከመ ነው። በግምት ሳክም ጊዜ ያመልጠኛል። ቲቸር፣ የሚያውቁት ነገር ካለ ይንገሩኝ።"

ኢስተሂል ዓይኗን ተከለችባት።

"ትራማዶል" አለች ቀለምወርቅ። "አምስት ፍሬ፣ ስድስትም ሊሆን ይችላል። በላዩ አረቄ ጠጥታበታለች። ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ስንቅም ነበር።" ወደ ኢስተሂል ሳታይ ቀጠለች። "አረቄውን ያመጣሁት እኔ ነኝ።"

ሊባን ነርሷን እየጠራ ወደ ውስጥ ሮጠ። ኢስተሂል ሻሿን ወደ ፊቷ ስባ፣ ጀርባዋን ሰጥታት አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይተው አስገቧቸው። ሀሊሞ ዓይኗን ገልጣለች። ቀለምወርቅ እጇን ያዘቻት።

"አባዮ... ነገርሻቸው?"

"ነገርኳቸው።"

"ልጆቼ ሰሙ?"

"አልሰሙም።"

ሀሊሞ እጇን ከቀለምወርቅ እጅ ቀስ ብላ አወጣችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"አሁን ሂጂ" አለቻት ኢስተሂል። ድምጿ ቁጣ አልነበረበትም፤ ደክሟታል። "እሷ ቤትም ተመልሰሽ እንዳትመጪ።"

ቀለምወርቅ ግቢውን አቋርጣ እስከ መውጫው ሄደች። ጣቶቿ ይንቀጠቀጣሉ። ድንጋጤ ነው ብላ ራሷን ልታታልል ፈለገች፤ ግን የባዮሎጂ አስተማሪ ናት፤ ሰዓቱንም ታውቀዋለች። በየቀኑ የራሷን ሁለት ፍሬ የምትውጠው በዚህ ሰዓት ነው።

"ወዴት ነው እናት?" አላት አንድ ባለ ባጃጅ።

የሰፈሯን ስም ልትጠራ አፏን ከፈተች። ከዚያ ዞረች፤ ወደ ካርድ ክፍሉ መስኮት ሄዳ ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ ጸሐፊው ቀና ሳይል ጠየቃት።

"የታማሚዋ ስም?"

"ቀለምወርቅ ተክለማርያም።"

"ዕድሜ?"

"አርባ አራት።"

"ራሷ የት አለች?"

"እኔው ነኝ።"

ጸሐፊው ቀና ብሎ አያት። "ምንዎን ነው ያመመዎት?"

ከኋላዋ ከተሰለፉት አንዷ የተማሪዋ እናት ነበረች፤ ቅድም በአንገት ሰላም ተባብለዋል። ቀለምወርቅ ድምጿን ሳትቀንስ ስለ ክኒኑ ነገረችው።