ንጹሕ የተባለው እርሳስ

ቅዳሜ ጠዋት ጽጌረዳ ተነሥታ ሻይ ጣደች፤ የትናንቱን ዳቦ አሞቀች፤ የልጇን የሊዲን የኳስ ልብስ ከማድረቂያው አውጥታ አጣጠፈች። የልጅቷ ጓደኛ እናት ከደጅ የመኪና ጥሩምባ ስታሰማ ሊዲ ዳቦዋን እንደያዘች «ባይ ማም!» ብላ ሮጠች። ጽጌረዳ ሳህኖቹን አጠበች፤ ሁለት ብቻ ስለሆኑ ጊዜ አልፈጁባትም። ከዚያ ወደ ጋራዡ ገብታ ትልቁን በር ከፈተችው። የግሪን ቫሊ ራንች ሰፈር ነፋስ አቧራውን ይዞ ገባ።

የምትጠብቀው ሀብተጊዮርጊስን ነበር። እሱና ሟቹ ባሏ እንዳሻው መሀል ከተማ ዳውንታውን አንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንጻ ውስጥ አብረው የሠሩ፣ የዕረፍት ቀናቸውን ደግሞ ከኦሮራ ከተማ በስተምሥራቅ ካለው የተኩስ ሜዳ የማይጠፉ ባልንጀሮች ነበሩ። እንዳሻው የጎጃም ልጅ ነው፤ ጠመንጃ ይወዳል፤ አረሩንም እዚሁ ጋራዥ ውስጥ ራሱ እያቀለጠ ያፈስስ ነበር።

ለአረሩ የሚቀልጠውን እርሳስ የሚያመጣው ከጎማ ቤት ነበር። ጎማ ሲሽከረከር እንዳይንቀጠቀጥ ከቸርኬው ጠርዝ ላይ የምትሰካ ትንሽ ቁራጭ አለች። ድሮ እርሳስ ብቻ ነበረች፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ከዚንክ የተሠሩም መጡ። መልካቸው አንድ ነው። ዚንክ ከእርሳስ ጋር ከቀለጠ ግን ድስት ሙሉውን ያበላሸዋል፤ እንደ ገንፎ ይወፍርና የአረሩን ቅርጽ አልሞላም ይላል። ስለዚህ እንዳሻው አንድ በአንድ ይፈትሽ ነበር። ቁራጯን ሲሚንቶው ላይ ይጥላታል፤ እርሳስ ከሆነች ድፍ ትላለች፤ ዚንክ ከሆነች ታቃጭላለች። ካጠራጠረችው በፒንሳ ይነክሳታል፤ እርሳስ ጥርስ ይቀበላል። ያም ካልለየለት አንድ ጠብታ አሲድ ያንጠባጥብባታል፤ ዚንክ ከሆነች አረፋ ትደፍቃለች። ፈተናውን ያለፈውን በቀስታ እሳት አቅልጦ፣ ከጽጌረዳ ለምኖ ባገኘው የኬክ መጋገሪያ ቆርቆሮ ውስጥ ያፈስሰዋል። ጥፍጥፉ ሲበርድ በሚስማር ጫፍ «ንጹሕ» ብሎ ይጭርበታል።

«የሰውን ልብ እንዲህ ብትፈትሽ ኖሮ ቄስ ትሆን ነበር» ትለው ነበር ጽጌረዳ። «ጽሕፈትህስ ምንድን ነው? ዶሮ ጫረችው?»

«አንቺ ዩኒቨርሲቲ የጨረስሽው ለምን ሆነና? አንቺ ጻፊ፤ እኔ ላቅልጥ» ይላታል።

እውነትም ቅጹን የምትሞላ፣ ለዘመድ ደብዳቤ የምትጽፍ እሷ ነበረች። በሞተ በሁለተኛው ወር የእጁን ጽሕፈት ፍለጋ ቤቱን በርብራ ነበር፤ መሳቢያውን፣ የፎቶዎቹን ጀርባ፣ የመዝሙረ ዳዊቱን ኅዳግ። ከፊርማ በቀር ምንም አላገኘችም። ፊርማው ደግሞ ፊደል አልነበረም፤ አንድ ጠማማ መስመር ነው።

የቀሩት ጥፍጥፎቹ ብቻ ነበሩ። እነሱም የት እንዳሉ ታውቃለች። እንዳሻው ባለፈው ጥቅምት ሥራ ላይ ሳለ ልቡ ቀጥ ብሎ በሞተ ጊዜ፣ ሀብተጊዮርጊስና የእድሩ ሰዎች ለለቅሶተኛው ወንበር ለመደርደር ጋራዡን ጠረጉት። የተፈተሸውን፣ ያልተፈተሸውንና ዚንክ ተብሎ የተጣለውን እንዳሻው በየጣሳው ለይቶት ነበር፤ እነሱ ጣሳ ሁሉ አንድ ባልዲ ውስጥ ገለበጡት፤ ጥፍጥፎቹንም ጨመሩበት። ጽጌረዳ ቆማ አይታለች። ሐዘንተኛ ስለ ጣሳ አይናገርም ብላ ዝም አለች። ያን ቀን ደረት ባለመምታቷም ሴቶቹ «ይቺማ ፈረንጅ ሆናለች» ብለዋታል። ሰምታለች።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ሀብተጊዮርጊስ ደወለ። «እሱ አገር ለወንድ ልጅ ለቅሶ ይተኮሳል፤ እኛ ሳንተኩስለት ቀበርነው። ራሱ ባጠራው እርሳስ አረር አፍስሰን ለሙት ዓመቱ ሜዳው ላይ እንተኩስለት» አላት። ወደደችው። ዓመቱን ሙሉ ከሰማችው ማጽናኛ ሁሉ እንዳሻውን እንዳሻውን የሚሸት ይሄ ብቻ ነበር። የባልዲውን እርሳስ ትሰጠዋለች፤ ጥፍጥፎቹን ግን ለይታ አውጥታ ቤት ታስገባለች። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ምን ብላ ትናገራለች? የእርሳስ ቁራጭ አቅፌ ልተኛ ነው ብላ?

ሀብተጊዮርጊስ የጋዝ ምድጃውንና ድስቱን ተሸክሞ መጣ።

«እንዴት አደርሽ ጽጌ! እሺ፣ የታለ እርሳሱ? ... ኧረ ይሄ ባልዲ በክሬን ነው የሚነሣ!»

«ቀስ በል። መጀመሪያ ይፈተሻል።»

«እርሳስ እርሳስ ነው እንጂ ምን ይፈተሻል?»

«ለእናንተማ ሁሉም አንድ ነው። አንድ ባልዲ ውስጥ የገለበጣችሁት እናንተ አይደላችሁ?»

«ያንን ሁሉ ሰው አቁመን ታዲያ እርሳስ እንልቀም?» አለና ሳቀ። በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። «በይ እሺ፤ ቄስ እንዳሻውን ተክተሻል።»

ቁራጮቹን ሲሚንቶው ላይ መጣል ጀመሩ። ድፍ። ድፍ። ቅጭል።

«ይቺ እንደ አለቃዬ ናት» አለ የምታቃጭለውን እያነሣ። «ሲያዩዋት እርሳስ፣ ሲነኳት ጩኸት።»

ጽጌረዳ ሳታስበው ፈገግ አለች። ባልዲው እየጎደለ ሲሄድ ጥፍጥፎቹ ብቅ አሉ። አንድ በአንድ እያወጣች አቧራቸውን በቀሚሷ ጠረገችና የሥራ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ደረደረቻቸው። ንጹሕ። ንጹሕ። አንዱ ላይ ሚስማሩ አዳልጦት የመጨረሻው ፊደል በትር እንደተደገፈ ሽማግሌ ዘንበል ብሏል። ጣቷን በጭረቱ ላይ አስኬደችው።

«ምድጃ ላይ የተውኩት ነገር አለ» አለችና ተነሣች።

ወጥ ቤት ገባች፤ ምድጃው ላይ ምንም አልነበረም። ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው፤ ሊዲ እንዳትሰማ ስትል ዓመቱን ሙሉ የተማረችው ዘዴ ነው። ውኃው ሲወርድ እሷም አለቀሰች። ፊቷን ታጠበች። ዓይኗ መቅላቱ እስኪያልፍ ጠበቀች። ሰው ፊት እንዲህ ሆና መውጣት አልሆነላትም።

ጋራዡ ስትመለስ የጋዝ ምድጃው እየነደደ ነበር። ሀብተጊዮርጊስ ጓንቱን አጥልቆ፣ ደስ ብሎት ድስቱን ያማስላል።

«ስትጠፊብኝ ጀመርኩት። ንጹሕ የተባሉትን አስቀደምኩ፤ እነሱንማ ራሱ ፈትሿቸዋል። ጎበዝ አይደለሁም?»

ጽጌረዳ ወደ ጠረጴዛው አየች። ጫፉ ላይ ክብ ክብ የአቧራ ምልክት ነበር።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም! ድስቱ ስላልሞላ ከባልዲውም ዘገንኩለት፤ በዓይኔ እየለየሁ።»

«እሳቱስ?»

«እስከ መጨረሻው ለቀቅኩት፤ ቶሎ እንዲ...» ንግግሩ ተቋረጠ። ማማሰያው ከበደው። የድስቱ ፊት ተሸበሸበ፤ እየወፈረ ሄደ። «ይሄ ነገር ምን ሆነ?»

«ዚንክ ገብቶበታል።»

«ይወጣል፣ አይደል?»

«እሳቱ ቀስ ያለ ቢሆን ኖሮ ዚንኩ ሳይቀልጥ ከላይ ይንሳፈፍና ይጠለል ነበር። አሁን ተዋሕዷል።»

ሀብተጊዮርጊስ ምድጃውን አጠፋ። እንደ ጥፋተኛ ልጅ አንገቱን ደፋ። ቀና ሲል ግን ፊቷን አይቶ ግራ ተጋባ። «ጽጌ፣ እርሳስ እኮ ነው። ጎማ ቤቱ ሙሉ አይደል? ሰኞ አመጣልሻለሁ። ምነው እንዲህ?»

አፏ ላይ ደርሶ ነበር። አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃ ነበር፤ ጠዋት ሲገባ ብትነግረው ኖሮ ደግሞ ሁሉም በቦታው በኖረ።

«ምንም አይደል» አለችው። «ግባ፣ ሻይ ጠጣ።»

ሻዩን ጠጣ። የረጋውን ጓል መኪናው ላይ ጭኖ ወሰደው፤ የት እንደጣለው አልጠየቀችውም።

በሙት ዓመቱ ቀን ከሱቅ በተገዛ ጥይት ተኮሱለት። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ተኩሱ ከሜዳው ማዶ አስተጋባ። ሰው ሁሉ «እንዴት ያምራል! ወግ ነው ያገኘው» አለ። ሀብተጊዮርጊስ ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ፤ ሴቶቹም ከበው አጽናኑት። ጽጌረዳ ላይ ግን አንዲት እንባ አላዩም፤ ይህንንም ተነጋገሩበት።

ማታ ቤቷ ገብታ ካፖርቷን ከእንዳሻው ካፖርት አጠገብ ሰቀለች። ልብሱ አለ። ጫማው አለ። ፎቶው ግድግዳው ላይ አለ። የእጁ ጽሕፈት የለም።