የአባባ ዘሩ ግራ ዓይን

አባባ ዘሩ ዓይናቸው የበራው ከሞቱ በኋላ ነው። ያበራላቸው ቡሬ ያለ አንድ ፎቶ ቤት ነው።

በሕይወት ሳሉ ግራ ዓይናቸው አያይም፤ እንደ ተቀቀለ እንቁላል ነጭ ነበር። አያቴ ስለሆኑ እንዴት እንደጠፋ መጠየቅ እችላለሁ። ስጠይቃቸው «በሬ ወጋኝ» ይሉኛል። ቀይ በሬ ነው ያሉበት ቀን አለ፣ ጥቁር ነው ያሉበትም ቀን አለ፤ አንዴማ ጊደር ሆኖ ነበር። «አባባ፣ ጊደር በሬ ነው እንዴ?» ብላቸው፣ «ዝም ብለሽ ቆሎሽን ብዪ» አሉኝ። ቆሎው የሳቸው ነበር። በግራቸው ተቀምጬ ስዘግን የማያዩኝ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ስደርስበት፣ ሳህኑን ወደ ግራ የሚያስጠጉት ራሳቸው ናቸው።

እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። እስከ አምስተኛ ክፍልም አስተምረውኛል። ከዚያ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ እንጂ እኔስ ጎበዝ ነበርኩ። አስተማሪዎቹ ይህን ያውቃሉ ማለቴ አይደለም።

ተዝካራቸው ሲደርስ አጎቴ ወንዳወቅ «ፎቶ ይሰቀል» አለ። ቡሬ ባጃጅ ስለሚነዳ ከተሜ ነው። ከስልኬ ላይ የአባባን ብቸኛ ፎቶ ወሰደ። በፎቶዋ ላይ አባባ «ያንን ነገር ከፊቴ አንሺ» እያሉኝ ስለነበር አፋቸው ክፍት ነው።

ሲመለስ በር የሚያህል ባነር ይዞ መጣ። አባባ ሱፍ ለብሰዋል፣ ከረባት አስረዋል፣ ጢማቸው ተላጭቷል፣ አፋቸው ተዘግቷል። ግራ ዓይናቸውም ቦግ ብሏል። ፎቶ ቤቱ ቀኙን ዓይን ቀድቶ ነው ግራው ላይ የለጠፈው። አባባ ሁለት ቀኝ ዓይን አላቸው።

«ማን ናቸው?» አልኩት።

«አባቴ ናቸዋ።»

«አያ ወንዳወቅ፣ የባንክ ሥራ አስኪያጅ መስለዋል እኮ።»

«ታዲያ ለተዝካራቸው እንኳ አይመርባቸው? ምላስሽን ሰብስቢ።»

ባነሩ ዳሱ ውስጥ ተሰቀለ።

ነገሩ የከፋው እማማ አቻምየለሽ ከፈረስ ቤት ከተማ ሲመጡ ነው። የአባባ ታላቅ እህት ናቸው። ለቀብሩ መንገድ ተዘግቶባቸው አልደረሱም፤ ስለዚህ የሳቸው ለቅሶ ገና ነው። በእኛ አገር ቀብር ያመለጣት እህት ዳሱ ደጃፍ ስትደርስ ጩኸቷ ወንዝ ማዶ ካልተሰማ ትታማለች። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሊያጅቧቸው ተነስተው ጠበቁ።

እማማ ገቡ። ባነሩን አዩ። ዞር ብለው ከኋላቸው ያለውን ሰው አዩ። እንደገና ባነሩን አዩ።

«ይኼ ሰውዬ ማነው?»

«ወንድምዎ ናቸዋ፣ እማማ» አለ ወንዳወቅ።

«ይኼ ግብር ሰብሳቢ?»

ማንም አልሳቀም። እኔ ትንሽ።

ተቀመጡ። እንባ የለም። ሴቶቹ ለማስጀመር «ወዮ» ቢሉላቸው፣ እማማ ሰላምታ እንደሚቀበል ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። «በመሬት ተጣልተው ነበር መሰለኝ» አለች አንዷ ለጎረቤቷ። ውሸቷን ነው።

ውሃ ላጠጣቸው ብዬ ጓዳ አስገባኋቸው።

«አልመጣልኝም፣ እንቁ» አሉኝ። «መንገዱን ሁሉ ይዤው መጥቼ፣ ያንን ሰውዬ ሳይ ተመለሰብኝ።»

«ዓይናቸውን አብርተውባቸው ነው።»

«ያንን ዓይን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ለሳቸው የቀዳሁትን ውሃ እኔው ጠጣሁት።

«ልጆች ሆነን ገብስ ስንጠብቅ፣ ወፍ አባርራለሁ ብዬ ወነጨፍኩ። ድንጋዩ እሱ ላይ አረፈ። እኔ እንዳልገረፍ ብሎ ለአባታችን ‹በሬ ወጋኝ› አለ። እንዲያው ሲል ኖረ። ይቅር በለኝ ልለው ስንቴ እዚህ መጣሁ። መጥቼ እበላለሁ፣ እሄዳለሁ። ዛሬ ዓይኑ ላይ ላለቅስ ብመጣ ዓይኑ የለም።» ትንሽ አሰቡ። «ማለቴ፣ አለ።»

ቡሃቃው ውስጥ የዳቦ ሊጥ ነበር። ቆንጥሬ ወጣሁ። በርጩማ ላይ ቆሜ የአባባን ግራ ዓይን በሊጡ ደፈንኩት፤ እንዳይወድቅ በአውራ ጣቴ ጫን አደረግኩት።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ወንዳወቅ። ሰው ስላለ ጥርሱን ነክሶ ነው ያለው።

«አባባን እየመለስኳቸው ነው።»

«አብደሻል? በተዝካራቸው ቀን ሊጥ...»

አልጨረሰም። እማማ አቻምየለሽ ከጓዳ ወጥተው ባነሩ ፊት ቆመዋል። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዷል።

«አንተ ዘሩ» አሉ፣ ከማዶ እንደሚጠሩት ሳይሆን አጠገባቸው እንዳለ ሰው። «አንተ በሬ የወጋህ። እኔ ነኝ በሬው። ምነው ይቅር በለኝ ሳልልህ፣ ወንድምዬ። እኔ ነኝ በሬው።»

ከዚያ ድምፃቸው ወጣ። ወንዝ ማዶ መድረሱን አላውቅም፤ በረት ያሉት ላሞች ግን ተነሱ። ሴቶቹ ነገሩ ባይገባቸውም፣ «በሬው፣ በሬው» እያሉ ደረታቸውን እየመቱ ተቀበሏቸው። እኔም ተቀበልኩ።

ወንዳወቅ ሊጡን ሊያነሳ እጁን ዘርግቶ ነበር። መለሰና ፊቱን ሸፈነበት።

ቄሱ ለጸሎት ተነስተው መጽሐፋቸውን ገልጠው ነበር። ትንሽ ጠበቁ። መጽሐፉን አጥፈው ተመልሰው ተቀመጡ።

«ምግቡ ሊቀዘቅዝ ነው፣ አባ» አላቸው ወንዳወቅ፣ አፍንጫውን እየጠረገ።

«ይቀዝቅዝ» አሉ።