አረንጓዴው ምሳ

የቀኑ ፈረቃ ለማታው የሚያስረክበው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ቡሳን ወደብ አጠገብ ባለችው በዚያች ትንሽ ሆስፒታል ነርሶቹ ስልክ ይዘው ከአልጋ አልጋ ይዞራሉ። የታማሚዋ ስም ሲነካ ሊደረግላት የሚገባው ሁሉ ይዘረዘራል፤ የተሠራው አረንጓዴ፣ ያልተሠራው ቀይ ነው።

ዳሶም ዘጠኝ ወር የሠራች ጀማሪ ነርስ ናት። ቀይ ምን ያህል እንደሚያስፈራ ያወቀችው በመጀመሪያው ሳምንት ነበር። ተረካቢዋ ሲስተር ኦክ አንዲት ቀይ መስመር ካየች ታማሚዎቹ እየሰሙ "ለመሆኑ ዩኒቨርሲቲ ምን አስተማሩሽ?" ትላለች። ስለዚህ ጀማሪዎቹ ሁሉ አንድ ልማድ ነበራቸው፦ መጀመሪያ አረንጓዴ ማድረግ፣ ከዚያ መሥራት። ብዙውን ጊዜ ይደርሱበታል።

"እንዴት ዋሉ እማማ ፒዮ?" አለች ሲስተር ኦክ አንደኛው አልጋ ላይ ያሉትን አሮጊት፣ ዓይኗን ከስልኩ ሳታነሳ።

"እኔማ ደህና ነኝ። የታመመው ምግባችሁ ነው።" እማማ ፒዮ በአገጫቸው ወደ መስኮቱ ጠቆሙ። "ያችን ሴትዮ ራጅ ወስደዋት፣ ትሪዋን እንደመጣ መለሱት። ያን የመሰለ ዓሣ! ለኔ ስጡኝ ብል እምቢ። ስስታሞች!"

ሲስተር ኦክ ፈገግ አለች። ዳሶም ግን ወደ መስኮቱ፣ ወደ ስድስተኛው አልጋ ዞረች።

የመስኮቷ ሴትዮ ወይዘሮ ቦንግ ስኳር አለባቸው። ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ኢንሱሊን የወጋቻቸው ራሷ ዳሶም ናት። በዚያው እጇ የስድስቱንም ታማሚዎች "ምሳ በልተዋል" አረንጓዴ አደረገችው። ትሪዎቹ ገና ከሊፍቱ አልወጡም ነበር። ኢንሱሊን ተወግቶ ያልበላ ሰው ስኳሩ ይወርዳል፤ ይወርድና ላይነቃ ይችላል። ሦስት ሰዓት ሊሞላው ነው።

በሩቁ አየቻቸው። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ተኝተዋል። ተኝተው ነው?

"ሲስተር ኦክ፣ ይቅርታ..."

"ተራ በተራ። ሁለተኛ አልጋ።"

በርክክብ መሃል ትልቅን ማቋረጥ ብሎ ነገር የለም። ዳሶም የሁለተኛዋን የደም ግፊት አነበበች፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። ብትናገር አለቀላት፤ ያልሆነውን ሆነ ብላ መዝግባለች። ስድስተኛው አልጋ ሲደርሱ "አሁን ገና ማየቴ ነው" ትላለች። ቢበዛ ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ምናልባት ራጅ ክፍል ብስኩት ሰጥተዋቸው ይሆናል። ማን ይሰጣቸዋል?

የወይዘሮ ቦንግ እጅ ከአልጋው ጠርዝ ተንሸራቶ ተንጠለጠለ።

"ምሳ አልበሉም!" ብላ ጮኸች ዳሶም። "ስድስተኛዋ አልበሉም! በልተዋል ያልኩት እኔ ነኝ!" ሮጠች።

አንገታቸውን ቀዝቃዛ ላብ አጥምቆታል። "እማማ! እማማ ቦንግ!" መልስ የለም። ጣታቸውን ወግታ ጠብታዋን መለኪያው ላይ አደረገች። እጇ እየተንቀጠቀጠ ቁጥሩን ማንበብ አቃታት።

"ሠላሳ ሁለት፤ በጣም ወርዷል" አለች ሲስተር ኦክ ከኋላዋ። "ግሉኮስ፣ ቶሎ! አሁን አትንቀጥቀጪ፤ ኋላ ትንቀጠቀጫለሽ።"

ግሉኮሱ በክንዳቸው ገባ። አንድ ደቂቃ። ሁለት። ከዚያ ወይዘሮ ቦንግ ዓይናቸውን ገለጡ።

"ምን አፍጥጠሽ ታይኛለሽ?" አሏት ዳሶምን።

ዳሶም እፎይ አላለችም። ሲስተር ኦክ ስልኩ ላይ የተመዘገበውን ሰዓት ወደ ላይ ወደ ታች እያየች ነበር።

"ስድስት ሰው በአንድ ደቂቃ ምሳ በልቶ ጨረሰ? ወታደር ናቸው?"

"እርስዎ ቀይ ሲያዩ... ይቆጡናል።"

ሲስተር ኦክ ወደ ዳሶም ቀረብ አለች። ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ሲሰማ ይህ የመጀመሪያው ነው።

"ሌላስ? ሌላ ምን አለ፣ አረንጓዴ ሆኖ ያልሠራሽው?"

ከሌሎቹ አምስት አልጋዎች ሁሉም ያዩዋታል።

"የሦስተኛዋን ቁስል አላየሁም። የአራተኛዋን ኪኒን... ጠረጴዛ ላይ ነው ያስቀመጥኩት። ሲውጡ አላየሁም።"

ሲስተር ኦክ ስልኩን ኪሷ ከተተች።

"ነይ" አለች። "ቁስሉን ግለጪ።"