የተሸናፊው ወንበር

«ይህችን አንቀጽ ብናወጣትስ?» አሉ ሰብሳቢው ዳኛ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። በአንድ እጃቸው የሻይ ብርጭቆ፣ በሌላው ሰኞ በመታሰቢያው ችሎት የሚነበበውን የሟቿን ዳኛ የሕይወት ታሪክ ይዘዋል። «የልብስ ሰፊዎቹን ጉዳይ ማለቴ ነው። ሰው ረስቶታል። የተኛ ነገር ለምን እንቀሰቅሳለን?»

የሟች ልጅ ወረቀቱን ተቀበለቻቸው። እሷም ጠበቃ ናት፤ ጽሑፍ ላይ የተሰመረ ቀይ መስመር ስታይ ደሟ ይፈላል።

«ክቡር ዳኛ፣ ሰው ቢረሳው ኖሮ ያወጡት ነበር?»

ዳኛው ብርጭቋቸውን አነሡና ፉት አሉ። ብርጭቆው ባዶ ነበር።

«እሳቸው እውነታቸውን ነው» አለ ከጎኗ የተቀመጠው አጎቷ፣ የእናቷ ታናሽ ወንድም። ከቀብር ከተመለሱ ጀምሮ ያንኑ ኮት ለብሶ ነው ያለው። «አንቺ ልጅ፣ እህቴ በቁሟ አንዴ ተሰድባለች። ሞታ ደግሞ በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ላሰድባት?»

አጎቷን በነገር መርታት ለእሷ ዳገት ሆኖባት አያውቅም። አሁን ግን እሷም የፈራችው ይህንኑ ነው። ሰኞ ያ ፍርድ ከተነበበ፣ ማክሰኞ ራዲዮው የድሮውን ስድብ አቧራውን አራግፎ ያወጣዋል፤ የእናቷ ስምም በዚያው ይቀበራል። ካልተነበበ ደግሞ እናቷ ጥፋት ሠርታ የሸሸች ትመስላለች። እስከ ነገ ጠዋት መወሰን አለባት።

በግድግዳው ጥግ ከተደረደሩት የኪራይ ወንበሮች ላይ ሁለት ሴቶች ያንሾካሹካሉ።

«ልብስ ሰፊዎቹን ያስወጣቻቸው እሷ አይደለች እንዴ?»

«ዝም በይ፣ ልጅቷ ትሰማለች።»

«ትስማ! ውሸት ከሆነ ትከሰኝ።»

ልጅቷ ሰማች። ብድግ ልትል ስትል በሩ ላይ ወፍራም ድምፅ ተሰማ። ልብስ ሰፊዎቹ የወጡበት ሕንፃ ባለቤት ነው፤ በዚያ ክርክር የረታው ሰው። ደረቱን ነፍቶ ገባ፣ እጇን በሁለት እጁ ጨመቀው።

«እናትሽ ጀግና ነበረች! ዳኛ ማለት እሷ! ወሬ ሳትፈራ ፈረደችልኝ።»

«አንብበውታል?»

«ምኑን?»

«ፍርዱን።»

ሰውየው ሳቀ፤ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲለው ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው። «ኧረ ምን ያነባል ሰው፣ ካሸነፈ በኋላ!»

አጎቷ ክርኗን ባይይዛት ኖሮ ሰውየው ሙገሳውን ይዞ እንዲወጣ ታደርገው ነበር። እናቷን የሚሰድቡት አላነበቡም። የሚያመሰግኗትም አላነበቡም። ሴትዮዋ ዕድሜዋን ሙሉ ምክንያት ጻፈች፣ ከተማው ውጤት ብቻ ቆጠረ፤ እንደ ኳስ ጨዋታ።

ፍርዱ የወጣበት ቀን ትዝ አላት። ያኔ ገና ተማሪ ነበረች። ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ባለው መንገድ ልብስ ሰፊዎች በተርታ የተከራዩበት አሮጌ ሕንፃ ነበር። ዕድሜያቸውን የሠሩበት ነው፤ የጽሑፍ ውል ግን አንዳቸውም አልነበራቸውም። ሕንፃው ተሸጠ። አዲሱ ባለቤት ውጡልኝ አለ። የዚያን ጊዜው ሕግ ደግሞ አጭር ነበር፤ የጽሑፍ ውል የሌለው ተከራይ፣ ባለቤቱ ሲጠይቀው ይለቃል። ሦስት ዳኞች ተሰየሙ፣ በአንድ ድምፅ ወሰኑ። ሐተታውን የጻፈችውና በችሎት ያነበበችው እናቷ ስለሆነች፣ ራዲዮው የእሷን ስም ብቻ ያዘ። «ዳኛዋ ልብስ ሰፊዎችን መንገድ ላይ ጣለች» አለ፤ አለቀ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ የሠፈሩ ዳቦ ሻጭ ለእናቷ ዳቦውን በእጇ መስጠት ትታ ባንኮኒው ላይ ወርውራላት ፊቷን ታዞር ነበር።

«መልስ ስጫቸው እንጂ!» ብላ ጮኻባት ነበር ልጅ። «ጋዜጣ ላይ ጻፊ!»

እናቷ ዳቦውን እየቆረሰች፣ «ዳኛ ከፍርዷ ውጭ አፍ የላትም» አለቻት። «ያለኝን እዚያው ብያለሁ። ራዲዮው የመጨረሻዋን መስመር አነበበ። ሌላውን የጻፍኩት ለሌላ ሰው ነው።»

«ለማን?»

«ለተሸነፈው ነዋ። ያሸነፈ ሰው ምክንያት ምን ያደርግለታል?»

በሩ እንደገና ተከፈተ። ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ ሽማግሌ ገቡ፤ ኮታቸው አሮጌ፣ ግን በልካቸው የተሰፋ። አንገታቸውን ዝቅ አድርገው «ነፍስ ይማር» አሉና መቀመጫ ፈለጉ። የኪራይ ወንበሮቹ ሞልተዋል። የቀረው፣ ከምግብ ጠረጴዛው አጠገብ ያለው አሮጌ የእንጨት ወንበር ብቻ ነው። ሰው እንዳይቀመጥበት ብላ ልጅቷ የእናቷን የዳኝነት ካባ ደርባበታለች። ሽማግሌው ካባውን እንደ ሕፃን በሁለት እጃቸው አነሡትና ተቀመጡ። ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። ከዚያ የካባውን ጠርዝ አዩና ደነገጡ።

«ይህን ማን ሠራው?»

«ምኑን?»

«በስቴፕለር ነው እኮ የተያያዘው! ዙሪያውን!»

ልጅቷ ሳታስበው ፈገግ አለች። «እሷ ናት። መርፌ መያዝ አትችልም ነበር።»

«ታዲያ ልብስ ሰፊ ጠፍቶ ነው?»

«‹ልብስ ሰፊዎቹን አስወጥቼ ልብሴን በየት በኩል አሰፋለሁ› ትል ነበር። ሌላ ቦታ ውሰጂው ብንላት እምቢ አለች። ጠርዙ በተፈታ ቁጥር ስቴፕለሯን አንሥታ ቀጭ፣ ቀጭ።»

ሽማግሌው ጠርዙን ዳበሱት። «የነዚህን ዳኞች ካባ የምንሰፋላቸው እኛ ነበርን» አሉ በመጨረሻ። «መቀስ ነው የሚሉኝ። ያኔ ከተባረርነው አንዱ ነኝ።»

የሕንፃው ባለቤት ጫማውን ማየት ጀመረ። አጎቷ ከወንበሩ ተነሣ።

«አባቴ፣ ለቅሶ ቤት ነው» አለ። «ቂም ካለዎት ሌላ ቀን…»

«ተቀመጥ አንተ ልጅ፣ ለጠብ አይደለም የመጣሁት። ለክርክር ነው የመጣሁት። ስንት ዘመን ልመጣ ልመጣ እያልኩ፣ ቀደመችኝ።»

«ከማን ጋር ነው የሚከራከሩት?» አለች ልጅቷ። ድምፅዋ ሾለ።

«ከእናትሽ ጋራ ነዋ! ስሚኝማ። እኛ ከዚያ በፊት በታች ፍርድ ቤት ተሸንፈን ነበር። ዳኛው ምን ብሎ ጻፈልን? ‹አቤቱታው ውድቅ ነው።› በቃ። ከ‹ውድቅ ነው› ጋር ማን ይከራከራል? ግድግዳ ነው። ግንባርህን ነው የምትፈነክተው። እናትሽም ፈረደችብን። ዕቃችንን በምንጠቀልልበት ቀን ከመካከላችን ንባብ የሚቀናው አንዱ ፍርዱን ከፍ አድርጎ አነበበልን። መጀመሪያ ሰደብናት፤ አልዋሽሽም፣ እኔ ራሴ አፌ እስኪደርቅ ሰደብኳት። ከዚያ የእኛን ክርክር የጻፈችበት ጋ ደረሰ። ልጄ፣ እኛ ከተናገርነው አሳምራ ጽፋዋለች! ‹ቆይ፣ ይህን ያልኩት እኔ ነኝ?› ይላል አንዱ። ‹አንተማ ስትንተባተብ ነበር› ይለዋል ሌላው። ቀጥላ ለምን እንዳልተቀበለችው ትናገራለች፤ አንድ በአንድ። ‹እዚህ ጋ ተሳስታለች› አልን። ‹የለም፣ እዚህስ እውነቷን ነው› አልን። ማሸጉን ትተን ስንከራከር ዋልን። ተሸንፈን እንደ ሰው የተቆጠርነው ያን ቀን ነው።»

የሚያንሾካሹኩት ሴቶች እንኳ አፋቸውን ይዘዋል።

«አንድ ነገር ግን እስከዛሬ ይከነክነኛል» አሉ መቀስ። «መጨረሻው ላይ፣ ‹ከዚህ የሚነሣ ሰው ወዴት ልሂድ ይላል› የሚል አለ። ከእኛ መካከል በችሎት እንደዚያ ብሎ የጠየቀ የለም። እርስ በርሳችን ተጠያየቅን፤ አንተ ነህ፣ አንተ ነህ ተባባልን። ከየት አመጣችው?»

ልጅቷ እጇን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች።

«የተቀመጡበት ወንበር ላይ ሆኜ እኔ ነኝ የጠየቅኳት» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቷ ፍርድ ጽፋ ስትጨርስ ራት ከተነሣ በኋላ ጠረጴዛውን ትጠርግና በዚህ በኩል ትቀመጣለች። የተከራካሪዎቹን ስምና ምስጢር ትዘላለች፤ ምክንያቱን ብቻ ከፊት ለፊቷ ላለው ባዶ ወንበር ታነባለች። ልጅቷ ነፍስ ካወቀች በኋላ ደግሞ ወንበሩ የእሷ ሆነ። «ተሸናፊዬ፣ ነይ ተቀመጪ» ትላታለች። «ዛሬ መሬቷን የተነጠቀች ሴት ነሽ። ዛሬ ከሥራው የተባረረ ሹፌር ነሽ። ስሚኝ፤ ያልገባሽን ጠይቂኝ።» ልጅ ያልገባትን ብቻ ጠይቃ አታቆምም፤ ትቆጣለች፣ ጠረጴዛ ትደበድባለች። እናቷም አንዳንዱን ትመልሳለች። መመለስ ያቃታት ጊዜ ወረቀቱን ሰብስባ፣ «ፍርዱ አልበሰለም» ብላ እንደገና ልትጽፍ ትነሣለች። የችሎቱ ጸሐፊዎች «የእሷ ፍርድ ሁልጊዜ ይዘገያል» እያሉ ሲያሟት፣ የሚያዘገየው የገዛ ልጇ ምላስ መሆኑን አያውቁም ነበር።

የዚያን ዕለት ልብስ ሰፊ ሆና ተቀመጠች። እናቷ ሕጉን አነበበችላት። ገባት። የውሉን ነገር አነበበችላት። ገባት። ሁሉም ገባት፤ ንዴቷ ግን አልበረደም።

«እሺ፣ ወዴት ልሂድ?» አለቻት።

እናቷ መነጽሯን አወለቀች። ወረቀቱን አገላበጠች። መልሱ የትም ቦታ አልነበረም። «ይህን አላውቅም» አለች። ልጅቷ እናቷን ከዚያ በፊት በዚያ ጠረጴዛ ላይ «አላውቅም» ስትል ሰምታት አታውቅም። በማግስቱ ፍርዱ መጨረሻ ላይ፣ ሕጉ ለዚህ ጥያቄ መልስ እንደሌለው የምትናገር አንዲት አንቀጽ ተጨመረች። ልብስ ሰፊዎቹን አላዳነቻቸውም። ነገር ግን ጠበቆች ከክርክር ወደ ክርክር ይዘዋት ዞሩ፤ ሌሎች ዳኞች በፍርዳቸው ጠቀሷት፤ ውሎ አድሮም ሕጉ ሲሻሻል፣ ተከራይን ያለ በቂ ጊዜና ያለ ካሣ ማስነሣት ቀረ። ራዲዮው ያኔም ስለ ሕጉ አወራ እንጂ ስለ እሷ አላነሣም።

መቀስ ታሪኩን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንቺ ነሻ! እኛ ስንቱን ጠረጠርን።» ከዚያ ፊታቸው ጠንከር አለ። «ደግ። ግን አሁንም አልተስማማሁም። ሕጉ ተለወጠ፤ ለእኔ አልደረሰልኝም። ያን ማየት ከቻለች ያኔውኑ ልትፈርድልን ትችል ነበር።»

«እኔም ብያታለሁ።»

«ምን አለችሽ?»

«‹ዛሬ ሕጉን ለወደድኩት ሰው ብዬ ካጠፍኩት፣ ነገ ሌላው ዳኛ ለወደደው ሰው ብሎ አንቺ ላይ ያጥፈዋል።›»

መቀስ አሰቡ። አገጫቸውን አሹ። «ጥሩ መልስ ነው» አሉ። «አልተስማማሁም።»

አንዱ ጥግ ሳቅ አፈነ። ልጅቷ ግን ወደ ሰብሳቢው ዳኛ ዞረች፤ ቀይ የተሰመረበትን ወረቀት ጉልበታቸው ላይ መልሳ አስቀመጠች።

«አንቀጿ ትገባለች፣ ክቡር ዳኛ። ስለ ፍርዱ ማውራት ብቻ ሳይሆን ፍርዱ ራሱ ይነበባል። ሐተታው በሙሉ።»

«ልጄ፣ ይሰድቧታል እኮ።»

«ይስደቧት። ሰምተው ይስደቧት።»

«ለቤተሰቡ አስቤ ነው እንጂ እኔ…»

«የእርስዎም ፊርማ አለበት» አለች። «ሰው የረሳው እሱን ነው።»

ሰብሳቢው ዳኛ ወረቀቱን አነሡ። ከዚያ እስክሪብቷቸውን አወጡና ከሰረዙት አንቀጽ ጎን «ይነበብ» ብለው ጻፉ። ከሥሩ ፈረሙ። አጎቷ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ መቀስን አየ፤ ምንም ሳይናገር ሄዶ ለሽማግሌው ሻይ ቀዳላቸው።

«መርፌና ክር አለሽ?» አሉ መቀስ። «ጥቁር ክር። ሰኞ ወንበሯ ላይ የሚዘረጋው ይህ ከሆነ፣ እኔ እያለሁ በሽቦ ተሰፍቶ አይሄድም።»

አመጣችላቸው። ሽማግሌው ሽቦዎቹን በጥፍራቸው እየነቀሉ ጠረጴዛው ላይ ይጥሉ ጀመር። ልጅቷ የፍርዱን ቅጂ ከመደርደሪያው አወረደች፤ ወደ ጠረጴዛው ማዶ ዞራ እናቷ በምትቀመጥበት በኩል ተቀመጠች።

«ከመጀመሪያው ላንብብልዎት?»

«ከመጀመሪያው። ያልገባኝን እጠይቅሻለሁ።»

አነበበች። ለቀስተኞቹ ወንበራቸውን አስጠጉ፤ የሕንፃው ባለቤትም ወደ በሩ ጀምሮ የነበረውን እርምጃ አቋርጦ ቆመ። መቀስ ሁለት ጊዜ አቋረጧት፣ ሁለቴም ተከራከሩ። መርፌዋ ግን አላረፈችም። «ግን ከዚህ የሚነሣ ሰው» የሚለው ጋ ስትደርስ ንባቧን አቋረጠች። መርፌዋ ቆመች። መቀስ አላጣደፏትም፤ ክሩን ወጥረው ይዘው ጠበቋት።

«ወዴት ልሂድ ይላል» አለች፤ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

መቀስ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። ካባውን አራገፉት፣ አጠፉት፣ በጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ ገፉት። ልጅቷ ግን መጀመሪያ ያነሣችው ካባውን አልነበረም። የተጣመሙትን ሽቦዎች አንድ በአንድ ከጠረጴዛው ለቀመች፤ እፍኟ ውስጥ ከተተቻቸውና ጣቶቿን ጨበጠች።