ጥግ ላይ ያለችው "ሚ"

የመሥሪያ ቤታችን ትልቁ መስኮት ማንም ሳይነካው በጠራራ ፀሐይ ተሰነጠቀ። የእኔ ሥራ ስንጥቅ ማሳደድ ነው፤ በኮምፒውተር ሞዴል እየሠራሁ ስንጥቁ በየት በኩል እንደሚሄድ አስቀድሜ እናገራለሁ። የዚህን ግን ከየት እንደተነሣ ለማወቅ በሞዴሉ ላይ ወደ ኋላ መለስኩት። መስመሩ እያጠረ እያጠረ ሄዶ ታችኛው ጥግ ላይ፣ ጥፍር የማታክል ጭረት ጋ ቆመ።

ደሜ ፈላ። መስታወት የሚሰነጠቀው ከጭረት ተነሥቶ ነው፤ ጭረቱ በጠለቀ ቁጥር ደግሞ ቶሎ ይሄዳል። የትኛው እጁ የማያርፍ ነው የጫረው ብዬ አጉሊ መነጽር ይዤ ተንበረከክሁ።

ያየሁት ፊደል ነው። በአልማዝ መቁረጫ የተጻፈች "ሚ"።

እኔን "ሚጣ" የሚለኝ፣ የ"ሚ"ንም እግር እንዲህ የሚያስረዝም አንድ ሰው ብቻ ነው፤ መስታወት ቆራጩ አባቴ። ደወልኩለት።

"አባዬ፣ እኛ መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ የጻፍከው አንተ ነህ?"

ሳቀ። "አገኘሽው? አንቺ ከተወለድሽ ጀምሮ ስምሽን ሳላሳርፍበት ከእጄ የወጣ መስታወት የለም።"

ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። መስኮቱ መሰንጠቁን እንዴት አድርጌ ልንገረው?

"የመጨረሻውን የት ገጠምከው?" አልኩት።

"የሰፈራችን መዋለ ሕፃናት የመስታወት ጣሪያ ላይ ነዋ፣ ባለፈው ሳምንት። እሱ ላይማ ዝናብ እንዳያጠፋው ብዬ ጠለቅ አድርጌ ነው የጻፍኩት።"