የመዲና ልጅ

እህቴ ዊዳድ ኮምቦልቻ ስታገባ አማቷ እትዬ ቢልቂስ ስም አወጡላት፤ መዲና። እኛ ጋ ምራት እንዲህ ናት፤ በእናቷ ቤት አንድ ስም፣ በባሏ ቤት ሌላ። እኔማ «አንቺ ሁለት መታወቂያ ያስፈልግሻል» እያልኩ እስቅባት ነበር። ወላሂ፣ አፌን በቆረጠው።

የወለደችውም እዚያው ኮምቦልቻ ጤና ጣቢያ ነው። ደክማ ስለተኛች መዝጋቢዋ የእናትየውን ስም ስትጠይቅ የመለሱት እትዬ ቢልቂስ ናቸው። «መዲና» አሉ፤ የራሳቸውን ስልክ አስመዘገቡ። ልጁ ገና ስም ስላልወጣለት ኮምፒውተሩ ላይ «የመዲና ልጅ» ተብሎ ገባ። ከዚያ ነርሷ አንድ ትንሽዬ ነገር ጆሮው ውስጥ ከታ መሳሪያውን አየችና፣ «የመስማት ምርመራውን አላለፈም። ውሃ ገብቶበት ይሆናል፤ የዛሬ ወር ይደገም» አለች።

«ኧረ ደሴ እናቷ ቤት ልትታረስ ነው!» አሉ እትዬ ቢልቂስ።

«ችግር የለም እማማ። ኮምፒውተራችን ከደሴ ጋር ተገናኝቷል። ለክትባት ስትሄዱ ራሱ ያስታውሳቸዋል።»

እኛማ ደስ አለን! መመላለስ የለ፣ ወረቀት መያዝ የለ።

ዊዳድ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር እኛ ቤት መጣች፣ ልጁም ሚስባህ ተባለ። ለክትባት አብሬያት የሄድኩት እኔ ነኝ። መታወቂያዋን ሰጠችና፣ «የጆሮ ነገር ነበር፤ ኮምፒውተሩ ይነግራችኋል ብለውናል» አለች።

የካርድ ክፍሏ ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ «ዊዳድ» ብላ ፈለገች። «ምንም አላመጣም። የሚደገም ቢኖር በቀይ ይመጣ ነበር። አብሽሪ።»

አልሃምዱሊላህ ብለን ወጣን። ለካ ከኮምቦልቻም ሲደውሉ ነበር። እትዬ ቢልቂስ ደግሞ የማያውቁትን ቁጥር አያነሱም።

ሚስባህ ሳቂታ ነው። ሁለት ዓመት አልፎት እንኳን «እማ» አይልም። እናቴ «ወንድ ልጅ አፉን ቶሎ አይፈታም» ትላለች። ሊጠይቁን በመጡበት አንድ ቀን የብረት በራችንን ንፋስ ጠረቀመው። እኔ ዘልዬ ተነሳሁ። ሚስባህ ዳቦውን ይበላል።

በነጋታው ደሴ ሆስፒታል ወሰድነው። ሲስተር ሀኒ የምትባለዋ ስትመረምረው ቆየችና ኮምፒውተሩ ላይ በስም ሳይሆን በተወለደበት ቀን ፈለገችው።

«ይቺ መዲና ማናት?» አለች።

እኔና ዊዳድ ተያየን። ስክሪኑ ቀይ ሆኗል።

«እኔ ነኝ» አለች እህቴ ቀስ ብላ። «አሁን ረፍዷል እንዴ?»

ሲስተር ሀኒ አልዋሸቻትም። «ጆሮው ክፉኛ ነው የተጎዳው። በጨቅላነቱ ብናገኘው የመስሚያ መሳሪያ እናስደርግለት ነበር፤ ቋንቋ የሚያዘው ያኔ ነው። መሳሪያው ደግሞ እዚህ የለም። አዲስ አበባ ወረፋ ላስይዝላችሁ፤ ግን ብዙ ተስፋ አልሰጥሽም የኔ እህት።»

ከዚያ «በሉ ሁለቱን መዝገቦች ላገናኛቸው» ብላ አንድ ነገር ነካች። ቀዩ ጽሁፍ ሚስባህ ስም ስር መጥቶ ተቀመጠ። በቃ፣ ይኼው ነበር። ሚስባህ ቀለሙን አይቶ ሳቀ፣ በጣቱ ሊነካው ተንጠራራ።

የሃረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ሚኒባሱ በየኩርባው ጡሩንባ ይነፋል። ዊዳድ በየጡሩንባው የልጁን ፊት ታያለች።

ኮምቦልቻ ስንደርስ እትዬ ቢልቂስ ደጅ ቆመው ነው የሚጠብቁን።

«መዲና! ምን አሏችሁ?»

እህቴ ልጇን እንዳዘለች አልፋቸው ገባች።

«አንቺ መዲና! አትሰሚም እንዴ?»

እሷም ዞር አላለች፣ ጀርባዋ ላይ ያለውም።