ተሳቢዋ ለእርቅ መጣች

ይማምን የገደለችው ተሳቢ፣ እሱ በተቀበረ ሰሞን፣ ያለ መኪና ብቻዋን ከሚሌ ተነሥታ ኮምቦልቻ ገባች።

የመጣችው በጠዋት ነው። የሚጎትታት አልነበረም። ስትቆም የምትደገፍባቸውን የብረት እግሮቿን ወደ ላይ ሰብስባ፣ የፊት ጫፏ አንዳች ነገር እንደ ተሸከመው ሁሉ አየር ላይ ቀጥ ብሎ፣ የመንገዱን ቀኝ ይዛ ከባጃጆች ኋላ በዝግታ ትሄድ ነበር። መንገድ ላይ አንድ የኬላ ጥበቃ ገመዱን ዝቅ አድርጎ አሳልፏታል። በኋላ ሲጠየቅ፣ «ባዶ ነበረች፤ ባዶ አይፈተሽም» አለ።

የይማም ቤት ደጅ ስትደርስ እግሮቿን አውርዳ ቆመች። የቅሬው፣ የሰፈሩ እድር፣ ሰዎች ለሐዘንተኛ የተከሉት ድንኳን ገና አልተነሣም ነበርና፣ አግዳሚ ወንበሮቹን ወደ ጎን ገፋ ገፋ አድርገው ቦታ ሰጧት። ለቅሶ የመጣን ማን ይመልሳል?

የይማም ሚስት መዲና ከቤት ወጥታ አየቻት። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ይህችን ከፊቴ አንሡልኝ» አለች።

መዲናና ይማም ከተጋቡ ጀምሮ የጅቡቲን መንገድ አብረው ሲመላለሱበት ኖረዋል። እሷም መንጃ ፈቃድ አላት። ተሳቢ ሲቀጠል እሱ መሪው ላይ፣ እሷ መሬት ላይ ነበሩ፤ ተሳቢዋ እንዳትንሸራተት ከጎማዎቹ ሥር ታኮ የምትወሽቀው መዲና ነበረች። ልጃቸው ሐያት ስትወለድ መዲና ቤት ቀረች። ይማም የሁለቱንም ሥራ ለብቻው ያዘው። ሚሌ ውስጥ፣ ትንሽ ተዳፋት ባለው ግቢ፣ ታኮ ሳያስገባ በመኪናውና በተሳቢዋ መሃል ገብቶ የአየር ቱቦውን አገናኘ። አየሩ፣ ያለ አየር ተይዞ የሚቆየውን የተሳቢዋን ፍሬን ለቀቀው። ተሳቢዋ ወደ ፊት ሄደች። ይማም መሃል ላይ ነበር።

መኪናውን ታናሽ ወንድሙ ከማል እየነዳ አምጥቶ ደጃፉ ላይ አቁሞት ነበር። ከማል አሁን ተሳቢዋ መጣች ሲባል ናፍጣ በጀሪካን ይዞ ደረሰ።

«አቃጥላታለሁ» አለ።

«ብረት እኮ አይቃጠልም፣ ከማል» አሉት የቅሬው ዳኛ።

«ጎማዋ ይቃጠላል።»

«ጎማዋን ካቃጠልህማ በምን ትሄዳለች? እዚሁ ልትቀር ነው።»

ከማል ነገሩን አሰበው። ጀሪካኑን መሬት አስቀምጦ ላዩ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ አለቀሰ።

ቀትር ሳይደርስ ሸህ ሙህዬን ጠሩ። ሸህ ሙህዬ አበጋር ናቸው፤ በዚያ አገር ደም የተቃባ የሚታረቀው በእሳቸው ነው። ከዘራቸውን ይዘው ተሳቢዋን ዞሯት። ጎማዋን ነካ ነካ አደረጉ።

«ገዳይ ራሱ መጥቶ ደጅ ከቆመ እርቅ ፈልጎ ነው» አሉ።

«አባ፣ ይህች እኮ ብረት ናት» አለ ከማል።

«ብረት ስንቱን ገድሏል፣ ልጄ። እርቅ ፈልጎ ሲመጣ ግን ገና ዛሬ አየሁ።»

የሟች ወገን በአንድ በኩል ተቀመጠ። ተሳቢዋ በሌላው በኩል እንደቆመች ነች። ሸህ ሙህዬ ዱዓ አደረጉና ወደ መዲና ዞሩ።

«የምትጠይቂያት አለሽ?»

መዲና ቀና ሳትል፣ «ሲሞት ምን አለ?» አለች። «ጮኸ ወይ? እኔን ጠራ?»

ከምንም ጋር ካልተያያዘው የተሳቢዋ የአየር ቱቦ ቀጭን ትንፋሽ ወጣ፤ ሳይጨርስም ተቋረጠ።

«ይኸው ነው ያለው» አሉ ሸህ ሙህዬ።

መዲና ትንፋሹን አወቀችው። ይማም ደክሞት ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ጋደም ሲል እንዲያ ነበር የሚተነፍሰው። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታ ነከሰችው።

«እሷስ ምን ትፈልጋለች?» አለች በመጨረሻ።

«ያን ቀን ሥራውን ያበላሸው ሰው የለም፤ ታኮ ነው የጎደለው። በወጉ ቀጥይኝ ነው የምትለው። እጅሽን ነው የምትፈልገው» አሉ ሸህ ሙህዬ።

መዲና ከዙሁር ሶላት በኋላ የመኪናውን ቁልፍ አንሥታ ወጣች።

መጀመሪያ ታኮ ከተሳቢዋ ጎማዎች ሥር፣ ከፊትም ከኋላም ወሸቀች፤ በተረከዟ መታ መታ አድርጋ አጠበቀችው። ከተሳቢዋ ሆድ ሥር ወደ ታች የወጣውን ወፍራም ፒን በጨርቅ ወለወለች። መኪናው ጀርባ ላይ ያለውን፣ ተሳቢ የሚቀመጥበትን ክብ ብረት ግራሶ ቀባችና ፒኑን የሚነክሰውን መንጋጋ ከፈተች።

«ከማል፣ ከመሃል ራቅ።»

«ዳር ላይ እኮ ነኝ፣ እታለም።»

«ከዳሩም ራቅ በልልኝ።»

መኪናውን ቀጥ አድርጋ ቀስ እያለች ወደ ኋላ ሰደደችው። የተሳቢዋ ሆድ ክቡ ብረት ላይ ወጣ። ቀጭ አለ። ድምፅ አይታመንም። የእጅ ፍሬን ይዛ ወረደች፣ ጀርባዋን አፈር ላይ አድርጋ ሥሯ ገባች፣ በስልኳ መብራት አየች። መንጋጋው ፒኑን ዙሪያውን ይዞታል፤ በሁለቱ ብረቶች መካከልም ብርሃን አያልፍም። ተመልሳ በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብላ ሳበቻት። አልለቀቀችም። ሞተሩን አጠፋች።

የቀረው የአየር ቱቦው ነበር፤ ለዚያ መሃል መግባት አለባት። መሃሉ ጋ ቆመች። ከማል ከሩቅ ዓይኑን ጨፈነ። መዲና ገባች። ተሳቢዋ የፀጉር ያህል እንኳ አልተነቃነቀችም፤ እዚያ የነበሩ ሁሉ ይህን ይመሰክራሉ። መዲና ቱቦዎቹን አገናኝታ ወጣች፣ የተሳቢዋን እግሮች እያዞረች ሰቀለች፣ ታኮዎቹን ከሁሉ በኋላ አነሣች።

«ይቅር አልኳት አላልኩም» አለች ሸህ ሙህዬን።

«አላልሽም። ይዘሻታል፤ ይበቃል።»

ሚሌ የቀረ ጭነት ነበር። መዲና ሐያትን ለከማል አሳቀፈችውና ጋቢና ገባች።

ከከተማው ወጥታ በባቲ መንገድ የመጀመሪያውን ኩርባ ስትይዝ መኪናውና ተሳቢዋ ታጠፉ፤ በሁለቱ መሃል ያለው ክፍተት በስፖኪዮው ታያት። ይማም እዚያ ውስጥ በእግሩ ይሄዳል። እጅጌውን ሰብስቧል፤ በአንድ እጁ የአየር ቱቦውን ይዞ መሬት መሬት እያየ ነው።

ፍጥነቷን ቀነሰች። እሱም እርምጃውን ቀነሰ። ፍሬኑን ልትረግጥ እግሯን አነሣችና ተወችው፤ ብትቆም ተሳቢዋ ከኋላ ትገፋለች፣ እሱ ደግሞ መሃል ላይ ነው።

ከኋላዋ መኪኖች ተሰለፉ። አንዱም ጥሩምባ አልነፋም። መዲና ስፖኪዮውን እያየች በሰው እርምጃ ነዳች። ዳገት ሲመጣ፣ እንዳይደክመው፣ ማርሽ ቀነሰች።